በኅብረት የተለኮሰ በኅብረት ይጥፋ

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥና ስለ ፈተና አሰጣጥ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ይመስላል። ርዝመቱ ከአንድ ጣት አይበልጥም፤ በአምስት ደቂቃም ነዶ ያልቃል። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ስንቱን ወንድምና ስንቷን እኅት ተከትሎ ከግቢው በር ወጥቶ እስከ ሽምግልና ድረስ እንደሚሄድ ስናስበው ነገሩን ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። የምንናገረው ስለ ሲጋራ ነው።

ስለ ሲጋራ ስንል ግን የጤና ስብከት ለማሰማት አይደለም። ሲጋራ ሳንባን እንደሚጎዳ የማያውቅ ተማሪ በግቢያችን አለ ብለን አናምንም። የሚያጨሰው ሰው ራሱ ይህን ከማናችንም አብልጦ ያውቃል፤ ሌሊት የሚያስለው እሱ ነውና። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ መተው የሚፈልገው ተማሪ ስለ ምን አልተወም? በየሴሚስተሩ መጀመሪያ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ብሎ ፓኬቱን ጨምድዶ የሚጥል ባልንጀራ በየዶርሙ አለ። በሳምንቱ ደግሞ ያው ባልንጀራ ከሕንፃው ጀርባ ቆሞ ሲያጨስ ይታያል። ያን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው፤ «ድሮም ወኔ የለውም» ይባላል። ይህ ፍርድ በሁለት በኩል ስሕተት ነው እንላለን። አንደኛ፣ እውነት አይደለም። ሁለተኛ፣ ፈራጁን ከኃላፊነት ነጻ ያወጣዋል።

እስቲ ሲጋራ ወደ ተማሪው እጅ እንዴት እንደሚገባ እናስተውል። የመጀመሪያውን ሲጋራ ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ለኩሶ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ ያጨሰ ሰው ቢፈለግ ከስንት አንድ ነው። የመጀመሪያው ሲጋራ ስጦታ ነው። አዲስ ገቢው ማንንም በማያውቅበት ግቢ ውስጥ ሰው ይፈልጋል። የፈተና ሰሞን ይደርሳል፤ ጫት ወደሚቃምበት ክፍል ይጠራል፤ ምርቃናው ሲመጣ አንዱ ፓኬቱን ዘርግቶ «ያዝ እንጂ» ይለዋል። በዚያች ሰዓት ሲጋራውን እምቢ ማለት ሰውየውን እምቢ ማለት ይመስላል። ስለዚህ ይቀበላል፤ ያስለዋል፤ ይሣቅበታል፤ በሦስተኛው ቀን ግን አያስለውም። ከዚያ ወዲያ ሲጋራ የባልንጀርነት ቋንቋ ይሆናል። እሳት መለመን ሰላምታ ነው፤ የመጨረሻዋን ፍሬ ለሁለት መካፈል ፍቅር ነው። ደብተሩን ለማዋስ ሰባት ጊዜ የሚያስለምን ተማሪ እንኳ ሲጋራውን አይነፍግም። እንግዲህ በስጦታ የገባውን፣ በሰላምታና በፍቅር የኖረውን ነገር አንድ ሰው ብቻውን በቁርጠኝነት አውጥቶ ይጣል ማለት ምን ያህል ፍርደ ገምድልነት እንደ ሆነ አንባቢ ይመዝን።

በዚህ ላይ የሰውነቱ ነገር አለ። በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ጭሱ ከተሳበ በኋላ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ከአንጎል ይደርሳል። አንጎልም በተደጋጋሚ ሲያገኘው ይለምደዋል፤ ሲቀርበትም ይጠይቃል። የተወ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀኖች ይነጫነጫል፤ ዕንቅልፍ ያጣል፤ መጽሐፉን ገልጦ አንዱን መስመር አሥር ጊዜ ያነባል። ይህ ሁሉ በብዙዎች ላይ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። እያንዳንዱ የአምሮት ማዕበልም ቢሆን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ችግሩ ግን በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አጠገቡ ማን አለ የሚለው ነው። ሲጋራ የያዘ ባልንጀራ ከሆነ ታሪኩ ተጠናቀቀ። ማንም ሳይረዳቸው ለመተው ከሚሞክሩት 100 ሰዎች መካከል ከስድስት ወር እስከ ዓመት ድረስ ጸንተው የሚገኙት ከሦስት እስከ አምስት ብቻ መሆናቸውን በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ታዲያ ከመቶው ዘጠና አምስቱ ሁሉ ወኔ ቢስ ናቸውን?

ነገሩ ሊታሰብበት የሚገባ ለመሆኑ ብዙ ማስረጃ መደርደር አያሻም፤ ሁለቱን ብቻ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1950 ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት የሳንባ ነቀርሳና ሲጋራ የተያያዙ መሆናቸውን አሳዩ። በ1951 ደግሞ ከ34,000 የሚበልጡ ወንድ ሐኪሞችን ስለ ማጨስ ልማዳቸው ጠይቀው ኑሯቸውንና ሞታቸውን መከታተል ጀመሩ። ከ50 ዓመት ክትትል በኋላ፣ በ2004 የወጣው ውጤት እንዲህ የሚል ነበር፤ ማጨስ ያላቋረጡት ካላጨሱት ይልቅ በአማካይ ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አጥተዋል፤ በ30 ዓመት ዕድሜያቸው አካባቢ የተዉት ግን ከዚህ ጉዳት ማለት ይቻላል ሙሉ በሙሉ አምልጠዋል። ከመካከላችን 30 ዓመት የሞላው ተማሪ ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህ ቁጥር እኛን ለማስፈራራት ሳይሆን ጊዜው ገና እንዳላለፈብን ለመንገር የተጻፈ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ እንመልከት፤ ሻጩ ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ከ100 ሰው 5 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጃፓን ቶባኮ የተባለው የውጭ ኩባንያ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 ደግሞ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አደረሰ። ነጋዴ ሒሳብ አዋቂ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣው ለአምስቱ አጫሾች ሲል ብቻ ነው ብሎ የሚያምን የምጣኔ ሀብት ተማሪ ካለ እንዲያስረዳን እንለምናለን። እኛ እንደምንገምተው ግን የተገዛው ገና ያልጀመሩት ናቸው። እርግጥ ነው፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ዝግ ቦታ እንዳይጨስ አዟል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሱቅ በደረቴ የያዘው ልጅ በፍሬ ሲሸጥ የገዢውን ልደት አይጠይቅም፤ ሕጉም ቢሆን ጀማሪውን ይከለክላል እንጂ የጀመረውን እጁን ይዞ አያወጣውም። እጅ ይዞ ማውጣት የሕግ ሥራ ሳይሆን የባልንጀራ ሥራ ነው።

ይህን የምንለው እንዲያው በግምት አይደለም። በአሜሪካ አገር በፍራሚንግሃም ከተማ ከ1971 እስከ 2003 ድረስ 12,067 ሰዎች ተከታትለው የተጠኑበት መረጃ ነበር። ይህን መረጃ መርምረው በ2008 ያሳተሙት ሁለት ሊቃውንት፣ ክሪስታኪስና ፋውለር፣ ሰዎች ሲጋራ የሚተዉት አንድ በአንድ ሳይሆን በቡድን በቡድን መሆኑን አገኙ። የትዳር ጓደኛው ማጨስ ያቆመለት ሰው የማጨሱ ዕድል በ67 በመቶ፣ ባልንጀራው ያቆመለት በ36 በመቶ ቀንሷል፤ የወንድምና የእኅት ግን 25 በመቶ ነበር። የባልንጀራ ኃይል ከሥጋ ዘመድ መብለጡን ልብ ይሏል። ከዚህም ሌላ፣ ብዙ የተማሩ ባልንጀሮች ጥቂት ከተማሩት ይልቅ እርስ በርሳቸው የበለጠ ተጽዕኖ እንደሚያደርጉ ታይቷል። እኛ እንግዲህ ተምረናል እንላለን፤ የምንል ከሆነ ይህ ጉዳይ በቀጥታ ይመለከተናል።

እንዲሁም በቡድን እየተገናኙ ለመተው የሞከሩ ሰዎች ጽሑፍ ብቻ ተሰጥቷቸው በየግላቸው ከሞከሩት ይልቅ የመሳካት ዕድላቸው ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን ብዙ ሙከራዎች አመልክተዋል። በእንግሊዝ አገር ከ2012 ጀምሮ በጥቅምት ወር አጫሾች በአንድ ቀን ጀምረው ለ28 ቀኖች አብረው እንዲተዉ የሚጋበዙበት ልማድ ተመሥርቷል። ታማኝ ለመሆን ግን አንድ ነገር መጨመር አለብን፤ ለአጫሹ የትዳር ጓደኛውን ወይም አንድ ወዳጁን «ደጋፊ» ብሎ መመደብ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ጥቅም ማስገኘቱ በጥናት አልተረጋገጠም። ከዚህ የምንማረው መንፈሱ ሳይሆን ሥርዓቱ እንደሚረዳ ነው። «አይዞህ፣ ጠንክር» ማለት ድጋፍ አይደለም። «ዛሬም አጨስክ?» እያሉ ማሳደድም ድጋፍ አይደለም። ድጋፍ ማለት ቀን ያለው፣ ቦታ ያለው፣ አባላቱ የታወቁ ማኅበር ነው። ይህ ደግሞ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ሐዘኑን በዕድር፣ ገንዘቡን በዕቁብ የተሸከሙት ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን ስላወቁ ነው።

አሁን ከወዲያ ወገን የሚነሣውን መቃወሚያ እንስማ።

የመጀመሪያው «ማጨስ የግል ነጻነቴ ነው» የሚለው ነው። ማጨስ ከሚፈልግ ሰው ጋር ዛሬ ክርክር የለንም፤ ጭሱን በዶርም ጓደኞቹ ፊት ላይ እስካላነደደ ድረስ። እኛ የምንናገረው መተው ፈልጎ ስላቃተው ነው። በእኩለ ሌሊት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ አንዲት ፍሬ ፍለጋ አራት ፎቅ የሚወርድ ሰው ነጻነቱን ሲጠቀም አይደለም የምናየው።

ሁለተኛው «ለጥናት ይረዳል፤ ጭንቀት ያስረሳል» የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ አጫሹ ሲለኩስ ዕረፍት ይሰማዋል። ነገር ግን ያ ዕረፍት ያለፈው ሲጋራ ራሱ ካመጣው ረኃብ የተገኘ ዕረፍት ነው። ጫማው የጠበበው ሰው ሲያወልቀው ደስ ይለዋል፤ ስለዚህ ጠባብ ጫማ ይጠቅማል አይባልም። ሲጋራ የተዉ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ካለፉ በኋላ ጭንቀታቸው ሲያጨሱ ከነበረበት ጊዜ ቀንሶ እንደሚገኝ ጥናቶች ያረጋግጣሉ።

ሦስተኛው በአፍ አይነገርም፤ በዝምታ የሚኖር ነው። ይኸውም የእኅቶቻችን ጉዳይ ነው። ወንዱ ሲያጨስ ቢበዛ «ሱሰኛ» ተብሎ ይቀለድበታል፤ ሴቲቱ ብታጨስ ግን ስሟ ይነሣል። ስለዚህ ተደብቃ ታጨሳለች፤ ለመተውም ተደብቃ ትሞክራለች፤ ስትመለስበትም የሚያውቅላት የለም። ማኅበር እናቁም ስንል እኅቶቻችን ሐሜት ሳይፈሩ ራሳቸው የሚመሩት ማኅበር ካልታከለበት ሥራው ግማሽ ነው።

እንግዲህ ሐሳባችንን በተግባር እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ማኅበሩ ትንሽ ይሁን። ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ግቢው በሙሉ በአንድ ቀን ሲጋራ ይተው ብሎ በአዳራሽ ማጨብጨብ ለፎቶግራፍ ያምራል እንጂ ሌሊት አምሮት ሲመጣ በሩን የሚከፍትልህ ሰው አይሰጥህም።

ሁለተኛ፣ ቀን ይቆረጥ። ቀኑ ከፈተና ሳምንት የራቀ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የታወቀ ይሁን። ለዶርም ጓደኞች በግልጽ ይነገር። በስውር የጀመረ በስውር ያቆማል።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መገናኘት ይኑር። ከምሳና ከራት በኋላ፣ ሲጋራ የሚለኮስባት ያቺ ሰዓት ስትደርስ አብሮ መራመድ ከንግግር ይበልጣል። ጫቱንና ድራፍቱን ቢያንስ ለዚያ ወር ማቆም ግድ ነው። «የማጨሰው ስቅም ብቻ ነው» የሚሉን ባልንጀሮች አሉ፤ እንግዲያው በሩ የት እንዳለ ራሳቸው አሳይተውናል።

አራተኛ፣ የሲጋራው ገንዘብ ዕቁብ ይጣልበት። እያንዳንዱ በቀን ያወጣ የነበረውን በየሳምንቱ ያምጣ፤ ዕጣ የወጣለት መጽሐፍ ይግዛበት፣ ጫማ ይግዛበት፣ ለእናቱ ይላክበት። ወደ ጭስ ይሄድ የነበረው ብር በእጅ ሲጨበጥ የሚያስተምረውን የትኛውም ፖስተር አያስተምርም።

አምስተኛ፣ የተደናቀፈ አይባረር። ይህን ከሁሉ አጥብቀን እንናገራለን፤ ብዙው ሙከራ የሚሞተው በመጀመሪያዋ ሲጋራ ሳይሆን እሷን ተከትሎ በሚመጣው ኀፍረት ነውና። አንዲት ያጨሰ ሰው በዚያው ምሽት መጥቶ ይናገር፤ ማንም አይሣቅበት፤ መቀጫም አይጣልበት። በስንት ሰዓት ነበር? የት ነበር? ማን ሰጠው? ብለው አብረው ይመርምሩ። በማግስቱ ቆጠራው ይቀጥላል።

ስድስተኛ፣ ማለዳ ከአልጋው ሳይወርድ የሚለኩስ፣ ሱሱ የጸናበት ሰው ወደ ክሊኒክ ይሂድ፤ ማኅበሩም አንድ ሰው አብሮት ይላክ። ኒኮቲን ያለበትን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሐኪም ማማከር የደካማነት ምልክት ከሆነ ለወባ ኪኒን የዋጥን ሁላችን ደካሞች ነን ማለት ነው።

ሰባተኛው ለማያጨሱትና ለመተው ገና ላላሰቡት ነው። ከእናንተ የሚፈለገው ጥቂት ነው፤ የተወውን ሰው «ያዝ» አትበሉት። በዓል ቢሆን፣ ልደት ቢሆን፣ ተመርቆ ቢያስጨፍር «ለዛሬ ብቻ» አትበሉት። በሌላ በኩል ደግሞ የሚያጨሰውን ከመካከላችሁ አታርቁት። ያ የፍራሚንግሃም ጥናት እንዳሳየው ሌሎች ሲተዉ ማጨስ የቀጠሉት ሰዎች ከወዳጆቻቸው መረብ ወደ ዳር እየተገፉ ሄደዋል። ዳር የተገፋ ሰው ደግሞ ለመተው ምክንያቱም ረዳቱም ይጠፋዋል።

የመጀመሪያው ወር ካለፈ በኋላስ? ሥራው ያለቀ የሚመስለው፣ ብዙዎችም የሚመለሱት ያን ጊዜ ነው። ሰውነት ረስቷል፤ ልማድ ግን አልረሳም። የክረምት ዕረፍት ይመጣል፤ ከሰፈር ልጆች ጋር ቡና ይጠጣል፤ «አንዷ ምን ታደርጋለች?» የሚለው ድምፅ ይሰማል። አንዷ የምታደርገው ሁለተኛዋን መጥራት ነው። ስለዚህ ማኅበሩ እስከ ዓመቱ ፍጻሜ ድረስ አይፍረስ፤ በዕረፍት ጊዜም በስልክ ይገናኝ። ሦስት ወር የሞላው አባል ደግሞ ለሚቀጥለው ማኅበር አስተናጋጅ ይሁን። ሌላውን የሚጠብቅ ሰው ራሱን መጠበቁ አይቀርም፤ አዲሱም ሰው ከማንኛውም ሰባኪ ይልቅ ትናንት አብሮት ያጨስ የነበረውን ያምናል።

ከተማሪዎች ማኅበራችን የምንጠይቀው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። በሳምንት ለአንድ ሰዓት አንድ ክፍል ይስጠን፤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም አንድ ወረቀት ይለጥፍልን። ለእግር ኳስ ቡድን ማልያ የሚገዛ ማኅበር ለባልንጀሮቹ ሳንባ አንድ ክፍል ያጣል ብለን አንጠረጥርም።

ስለ አገር ነጻነትና ስለ ሕዝብ ዕድገት የምንናገረው ሁሉ እውነት ነው ብለን እናምናለን። ግን ደግሞ አጠገባችን ባለው አልጋ ላይ ያለው ወንድም አንዲት ትንሽ ነገር ለመጣል ሲታገል «ወኔ የለውም» ብለን ፊታችንን ካዞርን ስለ ሰፊው ሕዝብ የምንሰጠው ዲስኩር ማንን ያሳምናል? ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ለመተው የወሰኑ፣ ወይም ሞክረው የተመለሱ፣ ስድስት ሰዎች በእርግጥ ይገኛሉ። ስድስት ሰው አንድ ማኅበር ነው። ከመካከላቸው አንዱ ነገ ማታ ከራት በኋላ የጎረቤቱን በር ያንኳኳ፤ የተንኳኳበትም ይክፈት።